ከመስመር የተረፈው መልስ

የመልስ መጻፊያ ባዶ መስመር ከዛሬ ጀምሮ ከክፍሉ መሰናበቱን መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ። የአምናው ፈተና ጥያቄዎች ብቻ ተባዝተው ታደሉ። «በደብተራችሁ እንደ ልባችሁ ጻፉ!»

ክፍል የምትደግመውን ልጅ ደብተር ሲያርም ፊቱ በራ። «አስር ከአስር! አንቺ፣ ይህን ሁሉ እውቀት የት ደብቀሽው ኖሯል?»

ልጅቷ የአምና የፈተና ወረቀቷን አውጥታ ከደብተሩ ጎን ዘረጋችው። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ቃል በቃል። በየጥያቄው ስር ከተሰጡት ሁለት መስመሮች በታች የጻፈችው ሁሉ በቀይ ተሰርዞ ነበር፤ «ከተሰጠው ቦታ ውጭ የተጻፈ አይታረምም። ሁለት ከአስር።» ፊርማው የመምህሩ የራሱ ነው።

«በዚህች ስምንት ማርክ ነው የወደቅኩት፣ ቲቸር። አሁን ምን ተለወጠ?»

መምህሩ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ሁለት ጊዜ ሞክሮ መግጠም አቃተው።

«ምን እንደተለወጠ አላብራራም» አለ።