የአብደላ ይመር ልጆች

ሰሚር በዒድ ማግስት አባቱን ሊዘይር መቃብር ሲደርስ ድንጋዩ ታጥቦ ጠበቀው።

ሣሩ ታጭዷል። ዙሪያው ተኮትኩቶ ሬት ተተክሎበታል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሰሚር ደነገጠ። አባቱን ከሱ ሌላ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እናቱ እሱ ሕፃን ሳለ ሞታ ደሴ ተቀብራለች። ወንድም እህት የለውም። ትዳሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለደ።

ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበ። «ሐጂ አብደላ ይመር» የሚለውን ያውቀዋል። አባቱ ሐጅ አልሄደም፤ ግን መርካቶ ውስጥ ያረጀ ነጋዴን ሐጂ የማይለው የለም ብሎ ያኔውኑ ትቶታል። አዲስ የሆነበት የታችኛው መስመር ነው። ሣርና አፈር ሸፍኖት የኖረው ጽሑፍ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ልጆቹ አሠሩለት።»

ልጆቹ?

ድንጋዩን ያሠሩት የአባቱ ሸሪክ ጋሼ ሐምዱ ነበሩ። አባቱ ሲሞት ሰሚር ቻይና ዕቃ እያስጫነ ነበር። «ጋሼ፣ ወጪው በኔ ነው፤ ጥሩ ድንጋይ ያሠሩልኝ» አላቸው በስልክ። ሲመለስ ጋሼ ሐምዱ አልጋ ይዘዋል። «ከበሩ በስተግራ ነው፤ ስሙን ታየዋለህ» አሉት። ብቻውን ሄደ። ስሙን ሲያይ ቆመና ዱዓ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሳይቀመጥ ይመለሳል። ጋሼ ሐምዱም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ።

ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ሳይነግሩኝ ሞቱ፣ ሲል አሰበ።

በዙሪያው ያሉትን ድንጋዮች ማንበብ ጀመረ። በቀኝ በኩል፣ «ሀስና ሙሄ፣ የሐጂ አብደላ ይመር ባለቤት።» ከእሷ ቀጥሎ አጠር ያለች ድንጋይ አለች፤ «ሪሐና አብደላ ይመር፣ በሕፃንነቷ ያረፈች።»

መሬት ላይ ተቀመጠ።

የመቃብሩን ዘበኛ ጠየቀው። «ማነው ይሄን የሚያጥበው?»

«አንዲት ሴት ናት። ከአረብ አገር የተመለሰች ናት መሰለኝ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትመጣለች። ልጁ ነኝ ትላለች።»

በማግስቱ ሱቁን ከፈተና ብርድ ልብሶቹ መሀል ተቀመጠ። ደንበኛ ሲጠራው አይሰማም። ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት በርበሬ ወደሚሸጡት ወደ እትዬ ምስራ ተሻገረ። አባቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴ ሌላ ቤት ነበረው?»

«አብደላ?» ሴትዮዋ ሳቁ። «ከሱቅ መስጊድ፣ ከመስጊድ ሱቅ። እንዲያው ባትቀልድ!»

«ከዒሻ ሶላት በኋላ ነበር እኮ ቤት የሚገባው።»

«ተወው በቃ፣ የሞተ ሰው ስም አይነሳም» አሉና ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዞሩ።

ሰሚር ፊታቸውን ሲያዞሩ ብቻ አየ። እሳቸውም ያውቃሉ አለ በልቡ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተናደደ። ከአባቱ ጋር በአንድ ትሪ በልቶ፣ በአንድ ክፍል ተኝቶ ነው ያደገው። ያ ሁሉ የአባቱ ዝምታ ለካ ሌላ ቤተሰብ መደበቂያ ነበር። ሱቁን ለመካፈል የሚመጡም መሰለው፤ ጠበቃ ሊያማክር እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄዶ ከቢሮው ደረጃ ተመለሰ።

ከዚያ ንዴቱ ወጣለት። ምሳውን ብቻውን ሲበላ ሪሐናን ያስባት ጀመር። በሕይወት ብትኖር «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር። ሀስና የምትባለው ሴት ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ቢተዋወቁ ኖሮ ለዒድ ቤቷ ትጠራው ነበር? ያቺ የምታጥበው ሴትስ ልጆች ይኖሯት ይሆን? አጎት መሆን ምን ሊመስል እንደሚችል ለመገመት ሞከረና፣ ብቻውን ፈገግ ሲል ራሱን አገኘው።

ዓርብ ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ካለው ብርድ ልብስ ሁሉ የተሻለውን መረጠ፤ አውጥቶ በአዲስ ፌስታል ከተተው። ምን ብሎ እንደሚጀምር ከአብነት ሰፈር እስከ መቃብሩ በር ድረስ ለራሱ ሲለማመድ ሄደ።

ሴትዮዋ ደርሳለች። ጄሪካን ይዛ ሬቱን ታጠጣለች። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ ፊቷ የደከመ፣ ዓይኗ ግን ደግ የሆነ ሴት ናት። አባቱን ፈልጎ ፊቷ ላይ አፈጠጠ፤ አገጯ ላይ ያገኘው መሰለው።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ጋሼ።»

የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። «ሐጂ አብደላ… ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ ነው። ራዲያ እባላለሁ። አባቴን ያውቁት ነበር እንዴ?»

«አዎ» አለ ሰሚር። ፌስታሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ወንድ ልጅ… ሌላ ወንድ ልጅ እንዳላቸው ነግረውሽ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኛ ሴቶች ብቻ ነን። ሪሐና በልጅነቷ ሄደች፤ እኔና ታላቄ ነን የቀረነው።» ጥቂት አሰበችና ፊቷ በራ። «ቆይ ቆይ! ሌላኛውን ፈልገው ይሆናል። እዚያ ግንቡ ሥር ሌላ አብደላ ይመር አሉ፤ እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ተሳስቼ እሳቸው ጋ ነበር የቆምኩት። ሣር ውጧቸው ነበር። ዘበኛው ከተቀበሩ ጀምሮ ጠያቂ መጥቶላቸው አያውቅም አለኝ። አሳዘኑኝና አጸዳሁላቸው፤ አሁን አባቴን ሳጠጣ እሳቸውንም አጠጣለሁ።»

ሰሚር ወደ ግንቡ ዞረ።

«ድንጋዩ ላይ ‹ልጁ ሰሚር› ይላል» አለች ራዲያ ጄሪካኗን እያነሳች፤ «እሱም ሞቶ መሆን አለበት ብዬ፣ ለሁለቱም ነው ዱዓ የማደርገው።»