ሁለተኛው መስመር

ደሙ ደህና ከሆነ ሰውየው ለምን ይታመማል?

ይህን ጥያቄ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ያኔ እናቷ ፀሐይ ላይ ሹራብ ደርባ እየተንቀጠቀጠች፣ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ፣ ሦስት ጊዜ ለምርመራ ደም ሰጠች። ሦስቱንም ጊዜ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ።

«እመቤቴ፣ ደምዎ ከኔ ደም ይሻላል። ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ይቀንሱ።»

እናቷ ሐሳብ ስትቀንስ ስትቀንስ አንድ ቀን ጠዋት ሳትነቃ ቀረች።

ልጅቷ ነገር በሆዷ የምትይዝ ነበረች። መጽሐፍ ላይ ተደፍታ አደገች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የላቦራቶሪ ሙያ ተማረች። መልሱንም እዚያው አገኘችው። የእናቷ ሕመም የአንገት ዕጢ፣ የታይሮይድ፣ ነበር፤ እሱን ለማወቅ ሁለት ምርመራ አለ። አንደኛው አንጎል ሥር ያለው አዛዥ ለዕጢዋ «ሥሪ» ብሎ የሚልከውን መልእክት ይለካል፤ ሁለተኛው ዕጢዋ ራሷ የሠራችውን። አዛዡ ሲታመም አንደኛው ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ጉዱ የሚታየው በሁለተኛው ነው።

«ሁለተኛውን አላዘዘላትም» አለች። ከዚያ ወዲህ ቂሟ እንደ አሮጌ ጥርስ በበረደ ቁጥር ይጠዘጥዛት ጀመር።

እናቷ የታከመችበት ሆስፒታል ፈልጋ ተቀጠረች። ሐኪሙ ግን ቀድሟት ጡረታ ወጥቶ ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ እንደ ልጁ ተቀበላት፤ ስሟን ትቶ «ዝምተኛዬ» ይላታል። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለተኛው ምርመራ ኬሚካል አልቆ ስትጨነቅ አያት።

«አንደኛው ደህና ከሆነ ሁለተኛውንም ደህና ብለሽ ላኪው። ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው አይራብም።»

«ቢራብስ ጋሼ?»

«በሠላሳ ዓመት አንድም የተራበ መጥቶ አልከሰሰኝ!»

ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ኬሚካሉ እስኪመጣ ግን ጠበቀች።

ዘንድሮ ያ ጡረተኛ ሐኪም ራሱ ታሞ፣ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሶ መጣ። ፊቱ አብጧል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ማዘዣውን በገዛ እጁ ጽፎ ክንዱን ዘረጋላት። የሁለቱንም ምርመራ መስመር ሞልቷል።

«ለራሱ ሲሆን ያውቅበታል» አለች በልቧ።

አንደኛው ደህና ወጣ። ሁለተኛው ወለል ነክቷል። ቁጥሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ «ደህና» ብላ ጻፈች።

በወሩ ተመለሰ። አሁንም «ደህና» አለችው።

በሦስተኛው ወር ግድግዳ ተደግፎ መጣ።

«እህቴ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ እኮ። በደንብ አይተሽዋል?»

«ደምዎ ከኔ ደም ይሻላል፣ ዶክተር። ሐሳብ ይቀንሱ።»

አላስታወሰም። «ሁለተኛውንም ሠርተሻል? እኔ መቼም ለማንም ሰው ሁለቱን ሳላዝ ቀርቼ አላውቅም።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ! ደሙን ቀዳች። የእናቷን ማዘዣ አምጥታ አፍንጫው ሥር ልታስቀምጥለት ቆረጠች።

አሮጌ ማዘዣዎች የሚቀመጡት ምድር ቤት ነው። ቁልፉ ከጋሼ ኪስ አይወጣም፤ በጠየቀችው ቁጥር «አቧራ ነው ልጄ፣ ሳል ታተርፊያለሽ» ይላታል። በዚያ ጠዋት ግን ጋሼ ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ዝምተኛዬ፣ ሰሞኑን እኔንም ድካም ድካም ይለኛል፤ ብርዱም አልቻልኩትም። የአንገት ዕጢዬን ሁለቱንም ምርመራ ሥሪልኝ። ከአንቺ እጅ ሌላ አላምንም።»

ቀዳችለት። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ኮቱን ትቶ ሄደ።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥታ ምድር ቤት ስትገባ አቧራው በእርግጥም አሳላት። እናቷ የሞተችበትን ዓመት ካርቶን አወረደች፤ የእናቷን ሦስት ማዘዣዎች ተራ በተራ አወጣች። በሦስቱም ላይ፣ በሐኪሙ ጠማማ ጽሕፈት፣ ሁለቱም ምርመራዎች ታዘዋል። በአንደኛው መስመር ላይ ቁጥር አለ። በሁለተኛው ላይ ቁጥር የለም፤ «ደህና» ይላል። ከሥሩ የጋሼ ፊርማ።

ካርቶኑን መለሰች፤ ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እጇን ታጠበች። የሐኪሙን ደም መሣሪያው ውስጥ አስገብታ ሁለቱንም ቁጥሮች እንደወጡ ጻፈች፤ ባለፉት ሁለት ወራት የደበቀቻቸውንም ጨመረች። ከሥሩ «ዛሬውኑ ይታከሙ» ብላ በቀይ አሰመረችበት።

ከዚያ የጋሼን ማዘዣ ሳበች፤ የደሙን ብልቃጥ ሳትከፍት በሁለቱም መስመር ላይ «ደህና» ብላ ጻፈች።