የአልጋ ሰባትና የአልጋ ዘጠኝ ደም

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ደግማ አነበበችው። አራት ሺህ ስምንት መቶ። ደሙ የአልጋ ሰባት ነው። አልጋ ሰባት ላይ የተኛው ደግሞ አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ።

ቫይረሱ ከተማዋን ካዳረሰ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በሽታው ሰውነትን ሲያቃጥል በደም ውስጥ የሚጨምረውን አንድ ፕሮቲን ከጠዋት እስከ ማታ ስትለካ ትውላለች። ልኬቱ ከአምስት መቶ በታች የሆነው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሁለት ሺህ ያለፈው ግን ስንቱ እንደተረፈ በጣቷ ትቆጥራለች።

ዶክተሩ ረፋድ ላይ ደውሎላት ነበር።

"የሰባትንና የዘጠኝን ውጤት ቶሎ አድርሺልኝ። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው አንድ አልጋ ተለቋል። ሁለቱም ትንፋሽ እያጠራቸው ነው፤ በዓይን ልለያቸው አልቻልኩም። በቁጥሩ ነው የምወስነው።"

እንዴት እንደሚወስን አልጠየቀችውም። ኮሪደር ላይ የሚወራው በቂዋ ነበር፦ ቁጥሩ ሰማይ በነካው ሰው ሐኪሞቹ ተስፋ ይቆርጡበታል፣ መሣሪያው ለሚድነው ነው።

አልጋ ዘጠኝ ሦስት መቶ አሥር ወጣ። ሰውየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱን ጠዋት በር ላይ አይታታለች።

እስክሪብቶዋን አነሳች። ወንድሟ ሲያስገቡት ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ፣ "አይዞሽ የኔ እህት፣ አንቺ ብቻ ከሥራሽ እንዳትቀሪ" ብሏት ነበር።

"ሾፌሩ እንደሆነ ጠንካራ ነው፣ መሣሪያ ባያገኝም አይሞትም" አለች ለራሷ። በሰባት ትይዩ ሦስት መቶ አሥር ብላ ጻፈች። በዘጠኝ ትይዩ አራት ሺህ ስምንት መቶ። ወረቀቱን ሰጥታ ተመለሰች፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ግን ሥራ መያዝ አቃታት።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ራሱ መጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።

"ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ተጠራጥረሽ ደግመሽ ለክተሻል?"

"ለክቻለሁ።"

ዶክተሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና እንደ ማዘንም እንደ ፈገግታም አድርጎት ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"እንግዲያው ስለ ወንድምሽ አትጨነቂ፤ መሣሪያውን ለባሰበት ለሾፌሩ አስገብተንለታል።"