ጥቁር ላይ ቢጫ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሴትዮዋ ያመጣችለትን የሟች ባሏን ላፕቶፕ ሲከፍተው ፊቱን አጨማደደ። ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነበር፤ ፊደሎቹ ቢጫ፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የሚያክሉ። «እናቴ፣ ፎርማት ሳደርገው ይሄ ቀለምም አብሮ ይጠፋል። ይጥፋ?»

«ቢጫ ነፍሱ ነበር» አለች እንደዋዛ።

«መውደድ አይመስለኝም። እንዲህ የሚያስተካክሉት ዓይናቸው በጣም የደከመ ሰዎች ናቸው። አልነገሩዎትም?»

የለበሰችውን ቢጫ ሹራብ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቁጭ አለች። ቀለሙን ወዳው አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ገበያ ሊወጡ ሲሉ «ቢጫውን ልበሺ፣ እሱ ያምርብሻል» እያለ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር፤ ደስ ይበለው ብላ ትለብሰዋለች። ለካ በሰው መሀል እንዳትጠፋበት ኖሯል።

«ቀለሙ እንዳለ ይቀመጥ» አለች፣ የሹራቡን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቷ እየቆለፈች።