በልክ የተሰፋ ጓንት

ጓንት ካልተሰጠን መጋዙን አንነካም ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የነቀምቴው እንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ተረታና የእያንዳንዳችን እጅ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተነደፈ። ዛሬ ጠዋት ቆዳ ሰፊው ዘነበ ጓንቶቹን አመጣ። የእኔ ቀኝ ጓንት ሁለት ጣት ብቻ ነበረው።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይቀልዱብኛል?»

«ምን ትጮሃለህ ቀነዓ፣ በልክህ ነው የሰፋሁት!» ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ። የተነደፈው እጅ ሁለት ጣት ነው፤ ከሥሩ የእኔው ፊርማ አለ።

«ጓንት ያላጠለቀ ይሰናበታል!» አለ የሠራተኞቹ አለቃ መጋዙን እያስነሳ። ቤት አራት ልጆች አሉኝ።

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ አሁኑኑ እንደገና ይለኩኝ!»

አዲስ ወረቀት ላይ አምስቱንም ጣቶቼን ዘርግቼ ተጫንኩ። እርሳሱ እያንዳንዱን ጣት ሲዞር ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ አምስት። ከዚያ እጄን አነሳሁ።

ወረቀቱ ላይ የቀረው እጅ ሁለት ጣት ነበረው።