የባሌስትራው ማሰሪያ

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው። ታዲዎስ ካዛንቺስ፣ ጓሮው ውስጥ፣ የካሚዮን ዕቃ ይቀጠቅጣል። አንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ለሁለት የተሰበረ፣ ዝገት የበላው የባሌስትራ ማሰሪያ፣ የካሚዮኑን ሞላ ከአካሉ ጋር የሚይዘውን ብረት፣ አምጥቶ፣ «ልክ እንደዚህ ሥራልኝ፤ ሚስትህን ደብረ ብርሃን አደርስልሃለሁ» አለው።

ታዲዎስን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሲቁነጠነጥ ዋለ። አዲሱን ማሰሪያ ሲጨርስ፣ መንገዷን ቢያቀናላት ብሎ፣ ብረት ላይ ቀርጾት የማያውቀውን የሚስቱን ስም ቀረጸበት። መሮው አዳልጦት የመጨረሻዋ ፊደል ተንጋደደች። እንደዚያው ካሚዮኑ ላይ ገጠመው።

«ምን ያቅበጠብጥሃል? እሑድ እመለስ የለ!» አለችው ሚስቱ ደብሪቱ ካሚዮኑ ላይ ሆና።

ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ገና ሳይርቅ፣ አሮጌውን ስባሪ ለሌላ ሥራ ሊያግለው አነሳና በመዶሻ መታ አደረገው። ዝገቱ ተቀርፎ ወደቀ።

«ደብሪቱ» ይላል። የመጨረሻዋ ፊደል ተንጋዳለች።