የታሸገው ቅባት

"ያንቺን ጡትስ ቀብተሻል?" የክሊኒኩ ነርስ እናቲቱን በአማርኛ ጠየቀቻት። የታዘዘውን ጠብታ ለልጇ ሳታቋርጥ ሰጥታ ነበር፤ የልጇን አፍ የሸፈነው ነጭ ፈንገስ ግን ጠፍቶ ተመለሰ። አብሮ የታዘዘላት የጡት ቅባት እንደታሸገ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ወደዚህ አገር ሳይመጡ፣ ጎንደር ሳሉ፣ ጡት የሚቀባው ልጅን ጡት ለማስጣል ነበር፤ መራራ እሬት። ልጇ ጡት እንዳትጠላባት ፈርታ ቅባቱን አልነካችውም።

"ክርያት ያም ቤቴ ወስጄ በጡጦ አሳድጋታለሁ" አሉ አብረዋት የመጡት አማቷ።

"ፈንገሱ ከአፏ ወደ ጡትሽ፣ ከጡትሽ ወደ አፏ ይመላለሳል" አለች ነርሷ። "ሁለታችሁም አብራችሁ ታከሙ።"

እናቲቱ ቅባቱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ክዳኑን መክፈት ግን አቃታት። አማቷ ተቀብለው ከፈቱና በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት።

"አይመርም" አሉ። "በይ ቅቢው።"

ከክሊኒኩ ሲወጡ አማቷ ብቻቸውን ወደ ክርያት ያም ሄዱ። ልጅቷ ሃሊሳ ሰፈር፣ እናቷ ጋር ቀረች።